አርባ ምንጭ ለሁለት፦ ኪስ የሚያራቁተው አልጋው አይደለም

ሰርጉ አልቋል። ወይም የትውውቃችሁን ሁለተኛ ዓመት ልታከብሩ ነው። ወይ ደግሞ በቃ፣ አዲስ አበባ ሰልችቷችኋል። "የት እንሂድ?" ስትሉ ቲክቶክ የሚመልስላችሁ ዱባይና ዛንዚባር ነው። የባንክ አካውንታችሁ የሚመልሰው ደግሞ ቢሾፍቱ፣ ያውም ደርሶ መልስ።

በሁለቱ መካከል አንድ ጥሩ መልስ አለ፦ አርባ ምንጭ። ከጀርባዋ የጋሞ ተራሮች፣ ከፊቷ ሁለት ሐይቆች፣ ከእግሯ ስር ደን ያላት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ፓስፖርት አያስፈልግም፣ ዶላር አያስፈልግም። ዓሳውና ሙዙ እዚያው የሚገኝ ነው። አልጋም ለየኪሱ አለ።

ታዲያ "ርካሽ ነው" ተብሎ የሄደ ጥንድ ለምን ባዶ ኪሱን፣ አንዳንዴም ተኳርፎ ይመለሳል? ብዙ ሰው በጀት ሲይዝ የሚያስበው ስለ አልጋ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ግን ብሩን የሚበላው መኪናና ጀልባ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ወጪ እንዴት እንደምትቀንሱ፣ መቼ እንደምትሄዱ፣ አራት ቀን እንዴት እንደምትከፋፍሉ፣ ከመነሳታችሁ በፊትም ምን መነጋገር እንዳለባችሁ ያስረዳል።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ እዚህ የዋጋ ዝርዝር አታገኙም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ እየተቀያየረ ስለሆነ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። ቁጥሩን ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ግን ከታች አለ።

📍 ከተማዋን በ1 ደቂቃ

አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ፣ እንደምትመርጡት መንገድ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከባህር ወለል ያላት ከፍታ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀት አለ፣ ጃኬት ለከተማዋ አያስፈልግም።

ከተማዋ ሁለት ሰፈር ናት በሏት። ታችኛው ሲቀላ ገበያው፣ ሱቁ፣ ግርግሩ ያለበት ነው። ላይኛው ሴቻ ደግሞ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሐይቆቹን ቁልቁል ያያል። በመካከላቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት አለ፤ ባጃጅ ያመላልሳችኋል።

ከሴቻ ቆማችሁ ስታዩ ከፊታችሁ ሁለት ውሃ ይታያል። በግራ በኩል ያለው ቀላ ያለ ቡናማው አባያ ነው። በስፋት ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ሁለተኛው ሐይቅ ሲሆን ቀለሙን ያመጣው ከላይ ታጥቦ የሚገባው ደለል ነው። በቀኝ በኩል ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ጫሞ ነው። በመካከላቸው ያለው የተራራ ሰንሰለት ስሙ "የእግዜር ድልድይ" ይባላል። ሁለት ቀለም ያለው ውሃ ጎን ለጎን ተኝቶ ማየት ነጻ ነው፤ ማንም ትኬት አይቆርጥበትም።

📍 መቼ ይኬዳል?

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን የአየር ጠባይ ይዞ መሄድ ያሳስታል። የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። አርባ ምንጭ አካባቢ ግን ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይጥላል፣ ሁለተኛው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ በጭቃ ስትጨማለቅ አርባ ምንጭ ላይ ቀለል ያለ ሰማይ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ለጥንዶች የሚመቸው ኅዳር መጨረሻ፣ ታኅሣሥና ጥር ነው። አረንጓዴው ገና አልጠፋም፣ መንገዱ ደርቋል። የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ይከብዳል፤ ቀን ቀን ክፍል ውስጥ መዋል ሊያምራችሁ ይችላል። የጥር ሠርገኞች ዕድለኞች ናችሁ፣ የጫጉላ ሽርሽሩ ልክ በጥሩ ወቅት ይገጥማል።

መስከረም ላይ የጋሞ ሕዝብ "ዮ ማስቀላ" ብሎ የሚያከብረው ትልቅ በዓል አለ። ማየት ለሚፈልግ ሰው የማይገኝ ነው። ግን በዓሉን ለማክበር ከየአቅጣጫው ሰው ወደ አገሩ ስለሚመለስ መኪናም አልጋም ቀድማችሁ ያዙ። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚመረቁበት ሰሞንም ወላጅ ሁሉ ከተማው ውስጥ ነው። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት "በዚያ ሳምንት ምርቃት አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

📍 አውቶቡስ ወይስ አውሮፕላን?

አውሮፕላኑ 1 ሰዓት ገደማ ነው። አውቶቡሱ ከንጋቱ 11 እና 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል።

ውሳኔው የብር ብቻ አይደለም፣ የቀንም ነው። አራት ቀን እረፍት ያለው ጥንድ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ከሄደ ሁለቱን ቀን መንገድ ላይ ያሳልፋል። የሚቀረው ሁለት ሙሉ ቀን ነው። ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁ በአውቶቡስ አትሂዱ፤ ደክማችሁ ደርሳችሁ፣ ደክማችሁ ትመለሳላችሁ።

መሃል ያለ መንገድም አለ። ሲሄዱ በአውቶቡስ፣ ሲመለሱ በአውሮፕላን። ስትሄዱ ጉልበት አላችሁ፣ በቀን ስለሆነ አገር እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ስትመለሱ ደግሞ ሰኞ ሥራ አለ። ወጪው ከሁለት ጊዜ በረራ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ይቻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሦስት ነገር አትርሱ፦

👉 የመመለሻ ትኬት ከመሄዳችሁ በፊት ይቆረጥ። የመመለሻ ብር በልቶ "አንድ ሰው ላክልኝ" ማለት ፍቅርን አያደምቅም።
👉 ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ስለ መንገዱ ጠይቁ። ትራንስፖርት ድርጅቱንም፣ እዚያ ያለ ሰውንም። ፌስቡክ ላይ ያነበባችሁትን ብቻ ይዛችሁ አትነሱ፣ አትቅሩም።
👉 በማታ አትጓዙ።

📍 ሲቀላ ይታደራል ወይስ ሴቻ?

ኪሳችሁ ጠበብ ካለ ሲቀላ። መናኸሪያውም፣ ምግብ ቤቱም፣ ወደ ሐይቁ መውጫውም ይቀርባል። ንጹሕ፣ ደህና ፔንሲዮን ይገኛል።

ዕይታ ከፈለጋችሁ ሴቻ። ጠርዙ ላይ እንደ ፓራዳይዝ ሎጅ ያሉ ቁልቁል ሐይቅ የሚያዩ ማረፊያዎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ዕይታቸውን ይመስላል።

ብልህ ጥንድ የሚያደርገው ይህን ነው፦ ሲቀላ ያድራል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ሴቻ ወጥቶ ማኪያቶ ይጠጣል። ጀንበሯ እዚያ ላደረም፣ ቡና ብቻ ለጠጣም እኩል ነው የምትጠልቀው። ወይም ሁለት ምሽት ሲቀላ፣ የመጨረሻዋን አንድ ምሽት ሴቻ። ሦስቱንም ምሽት ውድ ቦታ ማደር ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል ሰው ትርጉም የለውም።

አልጋ በስልክ ስትይዙ የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦

1. ዋጋው ቁርስን ይጨምራል? ቫትና ሰርቪስ ቻርጅስ?
2. አጎበር አለ? ማራገቢያ ወይም ኤሲ አለ?
3. መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ?
4. ውሃው በሰዓት ነው የሚመጣው ወይስ ሁሌ አለ?
5. ብንሰርዝ ቅድሚያ የከፈልነው ይመለሳል?

ቅድሚያ ክፍያ ከተጠየቃችሁ አካውንቱ በሆቴሉ ስም መሆኑን አረጋግጡ። ቴሌግራም ላይ የሚያምር የክፍል ፎቶ ለጥፎ "በግል አካውንት ግማሹን አስገቡ" የሚል ሰው ሆቴሉን ላያውቀውም ይችላል። ሌላ ሰው በዋናው ስልክ እንዲደውል አድርጉና "እናንተ ናችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

እንግዳ መቀበያ ላይ በብዛት የሚጠየቀው መታወቂያ ነው፤ ሁለታችሁም ያዙ። የአንዱን ብቻ ይዞ ሄዶ ማታ 3 ሰዓት ላይ መነታረክ አያስፈልግም። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይ ከአረብ አገር ለሰርግ መጥታችሁ የምትሄዱ ደግሞ ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ይያዘው፤ በሆቴልም በፓርክም ዋጋ ከመስማማቱ በፊት ያሳይ። የውጭ ዜጋ ዋጋና የአገር ውስጥ ዋጋ ይለያያል።

📍 ብሩ የሚሄደው የት ነው?

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን።

አርባ ምንጭ ላይ ሰው የሚሄድባቸው ሦስት ነገሮች ሦስት አቅጣጫ ናቸው። ጫሞ ሐይቅና አዞዎቹ ወደ ታች። ዶርዜ ወደ ተራራው። የነጭ ሳር ሜዳ ደግሞ ከሐይቆቹ ማዶ። ሦስቱም የየራሳቸው መጓጓዣ ይፈልጋሉ። መኪናውም ጀልባውም የሚከራየው ደግሞ በሰው ሳይሆን በሙሉ ነው። ሁለት ሆናችሁም ስድስት ሆናችሁም ጀልባው ያው ጀልባ ነው።

በምሳሌ እንየው። ይህ ዋጋ አይደለም፣ ስሌት ማሳያ ብቻ ነው። አንድ ጀልባ 6,000 ብር ነው እንበል። ሁለታችሁ ብቻ ከወጣችሁ 6,000 ከእናንተ ኪስ ይወጣል። ከሌላ አራት ሰው ጋር ከተጋራችሁ ለሰው 1,000፣ ለሁለታችሁ 2,000 ይሆናል። በአንድ ጠዋት 4,000 ብር ተረፈ። መኪናውንም እንዲሁ ካደረጋችሁ የአንድ ሁለት ምሽት አልጋ ወጣ ማለት ነው።

"ግን እኛ ብቻችንን መሆን ነው የፈለግነው" ካላችሁ ልክ ናችሁ። ብቻችሁን የምትሆኑበትን ግን ምረጡ። አዞ ፊት ለፊት ማንም በሹክሹክታ ፍቅር አያወራም፤ ሁሉም "ያውና! ያውና!" ነው የሚለው። ጀልባውን ተጋሩ፣ እራቱን ብቻችሁን ብሉ።

የሚጋራ ሰው እንዴት ይገኛል? ከቀኑ በፊት ባለው ምሽት ሆቴላችሁን ጠይቁ፤ ጀልባ የሚያከራዩትንም "ነገ ጠዋት የሚወጣ ሌላ ሰው አለ?" በሏቸው። ቅዳሜና እሑድ ቀላል ነው። ማክሰኞ ከባድ ነው።

ሌላው ወጥመድ ክፍያው ተከፋፍሎ መምጣቱ ነው። የፓርክ መግቢያ ለብቻ፣ አስጎብኚ ለብቻ፣ ጀልባ ለብቻ፣ እስከ ጀልባው የሚያደርሳችሁ መኪና ወይ ባጃጅ ለብቻ። "ጀልባው ስንት ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው አንዱን ብቻ ነው የሰማው። እናንተ እንዲህ ጠይቁ፦ "ከሆቴል ወጥተን ሆቴል እስክንመለስ ጠቅላላ ስንት ይሆናል?" ይህቺ አንድ ጥያቄ ከማንኛውም ቅናሽ ትበልጣለች።

📍 አራት ቀን፣ ሐሙስ ተነስቶ እሑድ መመለስ

ቀኑን በዘፈቀደ አልመረጥኩትም። ምክንያቱ ቅዳሜ ላይ ይገባችኋል።

ሐሙስ፦ መንገድ። ማታ ላይ ትደርሳላችሁ። ምንም አታቅዱ። ገላ መታጠብ፣ ዓሳ መብላት፣ መተኛት። ዓሳው ጉላሽ፣ ጥብስ፣ ለብለብ እየተባለ ይመጣል፤ ከጫሞ የሚወጣው ናይል ፐርች ሥጋው ወፍራም ነው፣ አንድ ሙሉ ዓሳ ጥብስ ለሁለት ሊበቃ ይችላል። መጀመሪያ አንድ እዘዙ፣ ካልበቃ ትጨምራላችሁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ በጾም ዓሳ የማይበላ ከሆነ ቀኑን ስትመርጡ አስቡበት።

ዓርብ፦ ሐይቅና ምንጭ። ጠዋት ወደ ጫሞ። የቁልፎ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ "የአዞ ገበያ" የሚባል ቦታ አለ። ገበያ የተባለው አዞ ስለሚሸጥበት አይደለም፤ አዞዎቹ ገበያ እንደወጣ ሰው ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁ ነው። የጫሞ አዞዎች በትልቅነታቸው የታወቁ ናቸው። ጉማሬ፣ ፔሊካን፣ ዓሳ አጥማጆችም ታያላችሁ። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ፤ ከሌለ ሌላ ጀልባ ጠይቁ።

ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ስሟን ወዳገኘችበት ሂዱ። ምንጮቹ ከከተማዋ ግርጌ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ናቸው። ደኑ የሚጠጣው ከመሬት ስር ካለው ውሃ ስለሆነ በበጋም አረንጓዴ ነው፤ ከተማዋም የምትጠጣው ከዚሁ ነው። ከሲቀላ ቅርብ ስለሆነ ትልቅ መኪና አያስፈልግም። ጥላ አለ፣ ዝምታ አለ፣ ጦጣ አለ። ብቻችሁን መሆን ከፈለጋችሁ ይህ የእናንተ ቦታ ነው። መግቢያው ላይ ፈቃድና ክፍያ ጠይቃችሁ ግቡ።

ቅዳሜ፦ ዶርዜና ጨንቻ። ቅዳሜ የጨንቻ ገበያ ቀን ነው። የገበያ ቀን ከአርባ ምንጭ ወደ ተራራው የሚወጣ የሕዝብ ትራንስፖርት ይበዛል። ሙሉ መኪና ተከራይታችሁ የምትሄዱበትን መንገድ ከገበያተኛ ጋር በሕዝብ መኪና ትሄዱበታላችሁ። ከሐሙስ የተነሳነው ለዚህ ነው። ከቀኑ ሳይመሽ መመለሻ መኪና መኖሩን ግን ስትሄዱ ሹፌሩን ጠይቁ።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከሙዝ አገር ወደ ጉም አገር ያወጣችኋል። ጨንቻ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላለች፤ ያን ጃኬት አሁን አውጡት።

ዶርዜ ላይ ከቀርከሃ የሚሠራው ቤት ፊት ለፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል። ሲሠራ በጣም ረጅም ነው። ታችኛውን ክፍል ምስጥ እየበላው ሲሄድ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል። በአንዳንድ ግቢ ከትልቁ ቤት አጠገብ ለአዲስ ተጋቢዎች የሚሆን ትንሽ ጎጆም አለ። ሆቴል ሳይኖር ጀምሮ ጫጉላ ነበር ማለት ነው!

ከእንሰት የሚሠራውን ቆጮ በዳጣና በማር ይሰጧችኋል። ዳጣው ያቃጥላል፣ ማሩ ያበርደዋል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሽሮ ሜዳ የገዛችሁት ጥበብ የተሸመነው በዚህ አገር ልጅ እጅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ነጠላ ወይ ጋቢ እዚህ ብትገዙ ለቤታችሁ ማስታወሻ፣ ለሸማኔውም የድካሙ ዋጋ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የግቢ መግቢያውንም ዋጋ ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ። ገጠር ነው፣ ታላላቆች አሉ፤ መተቃቀፉና መሳሳሙ ለከተማው ይቆይ።

ስለዚህ ሕዝብ አንድ ነገር ማወቅ ጥሩ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም ቡራዩ ላይ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲወጡ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ቆሙ። በባህሉ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ አይታለፍም። የምትጎበኙት የዝሆን ቤቱን ብቻ ሳይሆን ይህንን የሠራውን አገር ነው።

እሑድ፦ መመለስ። ሙዝና ማንጎ ለቤተሰብ ያዙ። ከከተማዋ በስተሰሜን ላንቴ አካባቢ ያለው ሙዝ ታዋቂ ነው፤ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ።

📍 ነጭ ሳር ይቅር ወይ?

ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ተመሥርቶ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ምንጮቹም ደኑም በፓርኩ ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ፓርኩን በከፊል አይታችኋል። የሜዳ አህያ የሚታይበት ሰፊ ሜዳ ግን ከድልድዩ ማዶ ነው፤ መንገዱ ከፍ ያለ ባለ ፎር ዊል መኪናና ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ለሁለት ሰው፣ ለአራት ቀን፣ በትንሽ በጀት? ሐቁን ልንገራችሁ፦ ይቅር። ከጉዞው ሁሉ ውዱ ቀን እሱ ነው። የሚጋራ ቡድን ካገኛችሁ ብቻ ሂዱ።

ሳትሄዱም የምታወሩት ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች እዚህ ሜዳ ላይ ካለ መንገድ የአንዲት የሞተች ወፍ ክንፍ አነሱ። ክንፉ ከሚታወቅ ከማንም ወፍ ጋር አልመሳሰል አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ በፓርኩ ስም ተመዘገበች።

📍 አዞና ትንኝ፣ ቀልድ የሌለባቸው

ሐይቅ ዳር ሰልፊ አይነሳም። እግር ነከር ማድረግም የለም። በ2010 ዓ.ም በአባያ ዳርቻ ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተነጥቀው ሕይወታቸው አልፏል። ሰው በተሰበሰበበት፣ በቀን። "ትንሽ ጠጋ ብለሽ ቁሚ፣ ላንሳሽ" የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ከአዞ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያገኘው ግን ትንኟ ናት። አርባ ምንጭ የወባ አገር ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል። የደጋ ልጅ ሰውነት ወባን ስለማያውቅ ሊከብደው ይችላል። አጎበር ውስጥ ተኙ፣ ከመሸ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፤ መከላከያ መድኃኒትን በተመለከተ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። እሷ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ትሆናለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሐኪም ሳታናግሩ አትሂዱ፤ ወባ ለእናትም ለፅንስም አደገኛ ነው።

በጣም የሚረሳው ነገር ይኸውላችሁ፦ ወባ ከተነከሱ ከሳምንት እስከ ወር ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከመጣ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትተኙ። ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ "አርባ ምንጭ ነበርኩ" በሉ።

📍 ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ተነጋገሩ

መንገድ ያላጣላው ጥንድ ብዙ አይደለም። የሚያጣላው ደግሞ መንገዱ አይደለም፣ ቀድሞ ያልተነገረ ነገር ነው። አምስት ጥያቄዎች አሉ፤ ቡና ይዛችሁ ተመለሱባቸው።

1. ጣሪያው ስንት ነው? ከዚህ ብር አናልፍም የሚል አንድ ቁጥር ሁለታችሁም እወቁ። እሱ ደብቆ ሲጨነቅ፣ እሷ ደግሞ "ለምን ፊቱ ጠቆረ?" ስትል የሚበላሸው ቀኑ ነው።

2. ማን ይከፍላል? "ወንድ ነው የሚከፍለው" የሚለው ልማድ አለ፣ እናውቃለን። ግን በወር ደሞዙ ሁሉንም ሊሸፍን ያልቻለ ልጅ ተበድሮ ይሸፍናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ደሞዝ ይለያያል፤ እኩል ባይሆን እንኳ እንደየአቅማችሁ ወደ አንድ የጋራ አካውንት ወይ ቴሌብር አስገቡና ከዚያ ብቻ አውጡ። እቁብ ያላችሁ ዕጣችሁ የሚወጣበትን ወር ጠብቁ።

3. እንዴት ነው የምንተኛው? ላልተጋቡት ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው፣ እንደ ነውር የሚታለፈውም እሱ ነው። ሁለት አልጋ ወይስ አንድ፣ ሁለት ክፍል ወይስ አንድ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ይነገር። አብሮ መጓዝ ለሌላ ነገር ፈቃድ አይደለም። እዚያ ደርሶ "አንድ ክፍል ብቻ ነው የቀረው" የሚባል ድንገተኛ ነገር ሰርፕራይዝ አይባልም።

4. ማን ያውቃል? ለቤተሰብ መናገር የማትችሉ ከሆነ እንኳ የት እንዳላችሁ፣ የትኛው ሆቴል እንዳረፋችሁ፣ መቼ እንደምትመለሱ የሚያውቅ አንድ የምታምኑት ሰው ይኑር። ለሁለታችሁም፣ በተለይ ለሴቶች።

5. ቢደክመንስ? አንዳችሁ በጠዋት ተነስቶ ተራራ መውጣት፣ አንዳችሁ እስከ 4 ሰዓት መተኛት ትፈልጉ ይሆናል። በቀን አንድ ነገር ብቻ ይታቀድ። የቀረው ሰዓት የእናንተ ነው።

📍 በጀቱን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡ

ብዙ ሰው ከአልጋ ይጀምርና በተረፈው ይጓዛል። ገልብጡት።

መጀመሪያ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ይቀነስ። ሁለተኛ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሕመም አለ፣ የተሰረዘ በረራ አለ፣ የተዘጋ መንገድ አለ። ሦስተኛ ጫሞንና ዶርዜን፣ "ጠቅላላ ስንት?" ብላችሁ በሰማችሁት ዋጋ። አራተኛ ምግብ። የቀረውን ለሦስት ምሽት ስታካፍሉ የሚመጣው ቁጥር የአልጋችሁ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ አልጋ ካላገኛችሁ ጉዞውን በአንድ ወር ግፉት እንጂ መጠባበቂያውን አትንኩ።

ጥሬ ብርም ያዙ። ከተማ ውስጥ በስልክ መክፈል ይቻላል፤ ተራራው ላይ ግን ኔትወርክ ሊያስቸግር ይችላል፣ ቆጮ የምታቀርብላችሁን እናት ደግሞ "ኔትወርክ እስኪመጣ ይጠብቁን" አይባልም።

በብድር የተበላ ዓሳ አጥንቱ ብዙ ወር ጉሮሮ ላይ ይቆያል። አርባ ምንጭ የትም አትሄድም፤ ተራራውም፣ ሁለቱ ሐይቆችም በሚቀጥለው ጥር እዚያው ናቸው። ዘንድሮ ካልሞላ ለከርሞ በጊዜ አብራችሁ መቆጠብ ጀምሩ። ለአንድ ነገር አብሮ መቆጠብም ራሱ ፍቅር ነው።

አርባ ምንጭ ደርሳችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ጀልባውን ስንት ሆናችሁ ተጋራችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉ፣ ለሚሄደው ይጠቅማል። ሊሄድ እያቀደ ላለ ጓደኛችሁም ላኩለት።